ሁለት ባልዲ ቋንጣ

አስረሳሽ ፈሪ ናት። ይህን ራሷም አትደብቀው፣ ቆቦ ውስጥ የሚያውቃት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነጎድጓድ ትፈራለች። ውሻ ትፈራለች። በአስፋልቱ ላይ ከሮቢት በኩል እየበረሩ የሚመጡትን የጭነት መኪኖች ስለምትፈራ መንገድ የምትሻገረው ሰው ክንድ ይዛ ነው። ስልክ ሳይታሰብ ከጮኸ «ማን ሞተ?» ብላ ታነሳለች። ከሁሉም በላይ የምትፈራው ግን እንጀራዋን የምታበስልበትን፣ ማለት መተዳደሪያዋን፣ ያንን አሮጌ ኦቨን ነበር።

ኦቨኑን ያመጣላት ባሏ ታደሰ ነው። ታደሰ አናጺ ነው። አንድ ድርጅት ቢሮውን ዘግቶ ሲሄድ ለሽያጭ ካወጣው ዕቃ መካከል አየውና፣ ሚስቱ ደሴ ሆቴል ቤት ሳለች በእንደዚህ ያለ ነገር ትሠራ እንደነበር ትዝ ቢለው ተሸክሞ ገባ። በመጀመሪያው ቀን ነዘራት። ከዚያ ወዲያ ኮንጎ ጫማዋን ሳታደርግ አጠገቡ አትደርስም፤ ስታበራውም አማትባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ቁልፉን በእንጨት ማማሰያ ገፋ ታደርገዋለች። ታደሰ በዚህ ስቆ አይጠግብም። ያም ሆኖ ከዚያ ከምትፈራው ሳጥን ውስጥ የሚወጣው ነገር ዝናው እስከ ዋጃ ደርሶ ነበር።

በልጅነቷ ደሴ ሰባት ዓመት ሳህን አጥባለች። የወጥ ቤቱ አለቃ ትልቅ ግብዣ ሲኖር በጣት የሚነሱ ትንንሽ ዳቦዎች በፈረንጅ አይብና በጨው በተጠበቀ ስጋ ሞልቶ ሲጋግር ከጀርባው ቆማ ታይ ነበር። ወደ ቆቦ ስትመለስ የፈረንጅ አይብም የፈረንጅ ስጋም የለም። እሷ ግን ያለው አላነሳትም። አይቡን በሻሽ ቋጥራ ውሃው ጠፍፎ እስኪደርቅ ትሰቅለዋለች፤ በእንቁላል፣ በንጥር ቅቤ፣ በኮረሪማና በትንሽ ቃሪያ ታሸዋለች። ሊጡን ስስ አድርጋ ዳምጣ በሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ትቆርጥና ጠርዙን በጣቷ ቆንጠጥ ቆንጠጥ ታደርገዋለች፤ አይቡ መሐሉ ይተኛል፤ በላዩ ተወቅጦ ክር ክር ያለ ቋንጣ ይነሰነሳል። ከዚያ ወደ ኦቨኑ ይገባል፣ ጠርዙ ቡኒ ሲል ይወጣል፣ አለቀ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው፤ እንግዳ ግን ከምግቡ በፊት ሁለት ሦስቱን ካልበላ የተደገሰ አይመስለውም። ደሴ የነበረውን ስም አፏ አልይዝልሽ ስላላት ሰው ራሱ «የአስረሳሽ ሚጢጢ» ብሎ አወጣለት።

ከዱላ አጥሩ ማዶ ያለችው ሀስና ናት። አስራ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤት ናቸው፤ ጎረቤት ማለትም ያንሳል። አስረሳሽ ሴት ልጇን በወለደች በሳምንቱ ወባ ጥሏት አእምሮዋን ስታ በተኛች ጊዜ፣ ሀስና የራሷን ልጅ ሰላሁዲንን በአንድ ጡቷ፣ የአስረሳሽን ልጅ በሌላው ይዛ ሁለት ወር አጥብታለች። አስረሳሽ ድና ስትነሳ ልጇ ፋፍታ፣ ሀስና ከስታ ነው ያገኘቻቸው።

እነዚህ ሁለት ሴቶች ግን፣ ልጆቻቸው ከአንድ ጡት ጠጥተው ያደጉት ሴቶች፣ አንድም ቀን አንዳቸው የሌላቸውን ስጋ ቀምሰው አያውቁም። በራያ ደግሞ ይህ ማንንም አያስደንቅም። ድግስ በተደገሰ ቁጥር ሁለት ቢላ ይሳላል። ክርስቲያኑ ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቱ በሬ ወይም ፍየል ለብቻ ይሰጣል፤ አራጁ ከነሱ፣ ድስቱ ከነሱ፣ ወጥ ሠሪዋ ከነሱ። ሙስሊሙ ሲድርም እንደዚያው። ሁለቱ ዳሶች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ጨዋታው፣ ሆታው፣ ለቅሶውም ቢሆን አንድ ነው፤ ስጋው ብቻ አይገናኝም። የሚያስቀይም ነገር የለበትም። የሚያስቀይመው፣ አገር የሚያውከው፣ ቢቀላቀል ነው።

እንግዲህ በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት በጥር፣ ያ ሀስና ያጠባችው ሰላሁዲን ሚስት ሊያገባ ሆነ።

«አስርዬ፣ ሚጢጢውን አንቺ ትሠሪልኛለሽ» አለቻት ሀስና። «ቋንጣው ከእኔ፣ ትሪው ከእኔ፣ ቢላውም ሙቀጫውም ከእኔ ቤት ይመጣል። እጅሽን ብቻ አበድሪኝ።»

አስረሳሽ ደስ አላት፤ ወዲያውም ፈራች። የፈራችው በምክንያት ነው። የሀስና ባል ከሞተ ወዲህ የቤተሰቡ ትልቅ ከጅዳ የተመለሰው የባሏ ወንድም ሙሀመድሰይድ ነበር፤ ቁምነገረኛ፣ ሃይማኖቱን ጠበቅ የሚያደርግ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ሰው። ድግሱም የሚደገሰው በዋጃ መውጫ ባለው በእሱ ሰፊ ግቢ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለሀስና ሲናገር አስረሳሽ ከአጥሩ ማዶ ሆና ሰማችው።

«በነሱ ቤት፣ በነሱ እሳት የሚጋገር ነገር ለእንግዶቼ አላቀርብም። ሴትዮዋን ጠልቼ አይደለም። ሰው ይሳሳታል ብዬ ነው።»

«በእኔ ይሁን» አለች ሀስና። «ወላሂ፣ አስረሳሽ ከእኔ በላይ ትጠነቀቅልኛለች።»

አስረሳሽ ይህን ሰምታ እንባዋ መጣ።

ጥንቃቄዋን ማን በነገራችሁ! ኦቨኑን ውስጡን በአመድና በሎሚ ፈትጋ አጠበችው። የራሷን ትሪዎች ከቤት አውጥታ እህቷ ጋ አስቀመጠች። የሀስና ስጋ ተዘልዝሎ ሲመጣ ሀስና እንደ ልማዷ በወስፌ በቀይ ክር ሰክታው ስለነበር፣ እንደተሰካ በግቢው የምሥራቅ ጥግ ሰቀለችው። የራሷ፣ ለጥምቀት ከገቡት ቅርጫ የደረሳት፣ በምዕራቡ ጥግ ሽቦ ላይ ያለ ክር ተንጠልጥሏል። በመካከላቸው መላው ግቢ አለ። የቆቦ ፀሐይ ደግሞ ለቋንጣ የተፈጠረች ናት፤ በሦስት ቀን እንጨት ታደርገዋለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱም ደርቀው ሳሉ፣ ማንም ያልጠበቀው ነፋስ ከአፋር በኩል አቧራ እያዘለ መጣ፤ ከኋላው ነጎድጓድ። በጥር! አስረሳሽ ነጎድጓዱን ስትሰማ ሮጣ ቤት ገባች። ግን ቋንጣው አለ። ሻሿን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ አስራ ወጣች። ሁለት እኩያ የቀለም ባልዲዎች ነበሯት፤ ለዚሁ ብላ በፈላ ውሃ ያጠበቻቸው፤ አንዱ ሰማያዊ ክዳን፣ አንዱ ነጭ። ሰማያዊው የሀስና ይሆናል ብላ ቆርጣለች። የሀስናን ክሩን እየመዘዘች በአንዱ ባልዲ ከተተች፤ የራሷን በሌላው። ሁለቱን በደረቷ አቅፋ እየሮጠች ገባች። ገና ደጃፉን ስታልፍ ሰማይ የተሰነጠቀ የሚመስል አንድ ነጎድጓድ ጮኸ፤ ባልዲዎቹን መሬት ጥላ ዓይኗን ጨፍና «በስመ አብ» እያለች ተቀመጠች። ሲያልፍ ክዳኖቹን አነሳችና ከደነቻቸው። ዝናቡም ከአምስት ደቂቃ በላይ አልቆየም።

ቅዳሜ ምሳ ከነጩ ባልዲ እፍኝ ቋንጣ አውጥታ ለታደሰ ፍርፍር ሠራች፤ አብረው በሉ። እሑድ ሲነጋ ሰማያዊውን ከፍታ፣ በሀስና ሙቀጫ ወቅጣ፣ ስድስት ትሪ ሙሉ ጋገረች። የመጀመሪያው ትሪ ሲወጣ ሀስና በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መጣች። ለመቅመስ ነው። አስረሳሽ ሠሪ ብትሆንም ይህን አትቀምስማ።

«ቢስሚላህ» ብላ አንዷን በአንድ ጊዜ አፏ ውስጥ አደረገቻት። ዓይኗን ጨፈነች። «ማሻአላህ! የዛሬው ይለያል፣ አስርዬ። ወላሂ ይለያል።»

አስረሳሽ ደስታዋ ወሰን አጣ። አራት ሰዓት ላይ የሰላሁዲን ጓደኞች ትሪዎቹን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው በባጃጅ ወሰዱላት። እጇን ታጠበች፣ ኦቨኑን በማማሰያው አጠፋች፣ ዱካ ላይ ተቀመጠች። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ያልፈራችበት ጊዜ ትዝ አይላትም።

ታደሰ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ታደሰ የሰንበቴው ማኅበር ሙሴ፣ ማለት መሪ፣ ነው፤ ከቅዳሴ የማይቀር፣ ጾም የማይገድፍ። ነጠላውን እያጣጠፈ፣

«ነገ ነነዌ ይገባል» አላት። «ያንን የትናንቱን ፍርፍር ድገሚልኝና በዚያው ልሰናበት። እንደ ትናንትናው ጣፍጦኝ አያውቅም።»

«ኧረ አንተ! ሠርግ ልንሄድ?»

«ሠርጉ እስኪደርስ ነው። ትንሽ።»

ነጩን ባልዲ ከፈተችና እጇን ሰደደች። የሆነ ለስላሳ ነገር ጣቷን ነካው። ሳበችው። አንድ ዘለላ ቋንጣ ተከትሎ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ስንዝር የምታህል ቀይ ክር ተጣብቃበታለች።

አስረሳሽ ክሩን አየችው። ሌላ ዘለላ አወጣች፤ እዚያም ላይ ክሩ የወጣበት የወስፌ ቀዳዳ አለ። ሌላ። እዚያም ላይ። እሷ ስጋ በወስፌ ወግታ አታውቅም።

ነጎድጓዱ ትዝ አላት፤ ባልዲዎቹ ከእጇ ሲወድቁ፣ ዓይኗን ስትጨፍን፣ ክዳን ስታነሳ። ክዳኑን እንጂ ውስጡን አላየችም። ስድስቱ ትሪ ላይ ያለው የእሷ ነው። የጥምቀት ቅርጫ። በክርስቲያን ቢላ የታረደ፣ አሁን በሙሀመድሰይድ ዳስ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የሼሆቹን እጅ የሚጠብቅ።

«ምነው?» አለ ታደሰ ከውስጥ።

«ምንም» አለች።

እስቲ እውነቱን እንናገር፤ መጀመሪያ ያሰበችው ዝም ማለትን ነው። ማን ያውቃል? ተወቅጦ ክር ክር ብሏል፤ አይብ ውስጥ ገብቷል፤ በእሳት አልፏል። ክሯን ምድጃ ውስጥ መጣል ብቻ ነው። ብትናገር ግን ምን እንደሚከተል አንድ በአንድ ታያት። ሀስና አንገቷን ዋስ ሰጥታ ነበር፤ በሰው ፊት ትዋረዳለች። ሙሀመድሰይድ «አላልኩም?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሆን ብላ ነው» ይላል፤ ይህ ቃል ከአንድ አፍ ከወጣ በኋላ ገበያ ለገበያ ሲዞር ማን ይይዘዋል? የልጇን እናት፣ ያንን ጡት፣ በአንድ ቀን ታጣለች።

ዝም ልትል ነበር። ሞክራም ነበር። ግን ዝም ማለትም ለካ ወኔ ይፈልጋል፤ ዕድሜ ልክ ሀስናን ዓይን ዓይኗን እያዩ መዋልን ይጠይቃል፤ አስረሳሽ ደግሞ ያ ወኔ የላትም። ውሻ የምትፈራ ሴት ይህን ምስጢር ይዛ እንዴት ታድራለች? ክሯን መዳፏ ውስጥ ጨብጣ፣ «መጣሁ» ብላ፣ በኮንጎ ጫማዋ ወጣች።

አስፋልቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሰው ክንድ ተሻገረች። ባጃጅ አገኘች።

«ዋጃ መውጫ። ቶሎ በልልኝ፣ የእናቴ ልጅ።»

«ወደ ሠርጉ? አብሽሪ፣ ሙሽሮቹም አልደረሱ» አላት ባለባጃጁ።

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከኋላቸው የመኪና ጡሩንባ ተሰማ። ሙሽራይቱን ከሮቢት ይዘው የሚመጡት መኪኖች ናቸው፤ መብራታቸውን አብርተው፣ አበባ ተለጥፎባቸው። ሙሽራ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀርበው ሚጢጢው ነው። ባለባጃጁ ደስ ብሎት ለማሳለፍ ዳር ያዘና ቆመ።

«አታቁም!»

«ሙሽራ ነው እኮ፣ እናቴ።»

«አታቁም አልኩህ! ከነሱ በፊት ካልደረስኩ እሞታለሁ!»

ሰውየው በመስታወቱ አያትና የምትለውን አመናት መሰለኝ፣ ነዳው። አስረሳሽ ብረቱን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ዓይኗን ሳትጨፍን፣ የኋላዋን ጡሩንባ እየሰማች ሄደች። «አምላኬ፣ የሼሆቹን ዱዓ አርዝምልኝ» እያለች ትጸልያለች፤ ምን እንደምትል ራሷም አታውቅ።

ግቢው ሞልቷል። በስተግራ የክርስቲያኖቹ ዳስ፣ በስተቀኝ ትልቁ ዳስ። ስድስቱ ትሪ በቀኙ ዳስ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ሙሀመድሰይድ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ቆሟል፤ ከአንደኛው ትሪ ጨርቁን ገልጧል፤ ለሽማግሌዎቹ ከማቅረቡ በፊት እሱ ራሱ ሊቀምስ አንዷን በሁለት ጣቱ አንስቷል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች። ቢስሚላህ እያለ ነው።

እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። እጁን ያዘችው። ከጣቱ ላይ ነጠቀችው።

«ይሄ ያንተ አይደለም!»

ዕድሜ ልኳን «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን ሰው፣ በገዛ ድግሱ፣ በእንግዶቹ ፊት «አንተ» ብላ ጉርሻውን ቀማችው።

«የማን ነው ታዲያ?» አለ ሙሀመድሰይድ፣ ቀስ ብሎ።

መልስ አልነበራትም። ጨርቁን መልሳ ትሪው ላይ ጣለችና ወደ ጓዳ ሮጠች።

ሀስና ትልቁን ድስት እያማሰለች ነበር። አስረሳሽ ክንዷን ይዛ ወደ እንጨቱ ክምር ጀርባ ጎተተቻት፤ መዳፏን ከፈተች። ክሯ በላብ ርሳ ተጣብቃለች።

«ከእኔ ባልዲ ነው ያገኘሁት። ክዳኑን አገላብጫለሁ። ትሪው ላይ ያለው የእኔ ነው ሀስንዬ፤ የእኛ ቅርጫ ነው። ነጎድጓዱ ነው … እኔ ነኝ። ግደይኝ።»

ሀስና ክሯን አየች።

«ስንት ሰው በላ?»

«ማንም አልበላ። ከእጁ ነጥቄ ነው።»

«ጠዋት እኔ የቀመስኩትስ?»

አስረሳሽ መሬት መሬት አየች። «እሱም።»

ሀስና ጆጎውን አንስታ አፏን ተጉመጠመጠች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ እየራቀች ተፋችው። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አስረሳሽ የምትጠብቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «አውቀሽ ነው ወይ?» የሚለውን። እሱ ከመጣ አበቃላት። እየጠበቀችው እንጨቱ ላይ ተቀመጠች።

«ሳላውቅ ነው። አላህ ያውቃል» አለች ሀስና በመጨረሻ። «ተነሺ። ነይ።»

ጥያቄውን አልጠየቀችም። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም።

ይዛት ወደ ዳሱ ወጣች። ሙሀመድሰይድ እንደቆመ ነው፤ ሽማግሌዎቹም አንገታቸውን አስግገዋል። ሀስና ድምፅዋን ሳታነሳ፣ እንደ እሱው፣

«ይሄ ከክርስቲያኖቹ ቅርጫ የተሠራ ነው» አለችው። «ተሳስቶ ወዲህ ገባ። ለእነሱ ይሂድላቸው። አስረሳሽ ሮጣ ባትደርስ ኖሮ አስበው።»

ሙሀመድሰይድ ጣቶቹን አያቸው። ከዚያ አስረሳሽን። ያ የምትፈራው ፊት ተፈታ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «እህቴ፣ አላህ ይጠብቅሽ። እኔ ስላንቺ የተናገርኩት ነበር፤ ሀስና ታውቃለች። አውፍ በይኝ።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ራሷን ነቀነቀች። ስድስቱም ትሪ ወደ ግራው ዳስ ተሻገረ፤ እዚያ ያሉት እንግዶች የሰላሁዲን እናት ለእነሱ ብላ ይህን ሁሉ አስጋግራለች ብለው እልልታውን አቀለጡት። በዚያው እልልታ ላይ ሙሽሮቹ ገቡ። ሰላሁዲን ሲያልፍ የአስረሳሽን ጉልበት ጎንበስ ብሎ ሳመ።

ሀስና መልሳ ወደ እንጨቱ ጀርባ ወሰደቻት።

«በቃ፣ አለፈ። የእኔን ቋንጣ ነገ አምጪልኝ፤ እኔ ቤት እንሠራዋለን። ዘመድ ሳምንቱን ሙሉ አይጠፋም። ሳይጎድል አለ አይደል?»

«አለ። ትንሽ ነው የጎደለው። ትናንት …»

አስረሳሽ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ሀስናም አየቻት። በዚያ ሁሉ ሩጫ ውስጥ ያላሰበችው ነገር አሁን ከፊቷ ቆመ። ከነጩ ባልዲ የወጣው እፍኝ ቋንጣ። የቅዳሜው ፍርፍር።

«ወይኔ» አለች ሀስና በሹክሹክታ። «ታደሰም በላ?»

«አስጨመረኝ። ሁለቴ።»

ሀስና አፏን በእጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ተናወጠ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ መለየት ያስቸግር ነበር፣ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ተረጋጋች።

«እኔስ ተጉመጠመጥኩ። የእናንተ እንዴት ነው?»

«ቄድር ነው። ቄሱ ጋ ቀርቦ፣ ጸሎት ተደግሞ፣ በጠበል …» አለች አስረሳሽ። የሰንበቴው ሙሴ! ጓደኞቹ ያያሉ፤ ለምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ታደሰ በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ሰው ፊት እንደዚያ ቆሞ አያውቅም።

«አትንገሪው» አለች ሀስና እጇን ጨብጣ። «እኔ እንደሆነ ከአፌ አይወጣም። ሳያውቅ የበላው አይቆጠርበትም። አንቺ ለእኔ መጣሽ፤ እኔ ደግሞ ይሄን ልሸከምልሽ።»

አስረሳሽ በእግሯ ተመለሰች። ባጃጆች ቆመው ጠየቋት፤ አልሰማቻቸውም። ስትሄድ የፈራችው ሀስናን ማጣት ነበር፤ ሀስናን አላጣችም፤ ታዲያ ይህ አሁን ያለው ፍርሃት ከየት መጣ? ከቀድሞው የባሰ ነው። የቀድሞው ያስሮጣል። ይሄኛው እግር ያስራል። ሃያ አንድ ዓመት አብራው የኖረችውን ሰው፣ በኦቨኑ ፍርሃቷ ስቆ የማይጠግበውን ሰው፣ ይህን ብትነግረው እንዴት እንደሚሆን አታውቅም። ሲቆጣ አይታው አታውቅማ። ሀስና ደግሞ እውነቷን ነው፤ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው፤ አንዷ አትናገርም። አስፋልቱ ዳር ስትደርስ ቆማ የሚያሻግራት ሰው ፈለገች።

ታደሰ መጠበቅ ሰልችቶት ነበር። እንጀራውን ራሱ ፈርፍሮ፣ ነጩን ባልዲ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ቋንጣውን እየሰባበረ ሳህን ላይ ይጥላል፤ አንዷን ዘለላ ግን እስኪሠራ አላስቻለውም፣ ወደ አፉ እያቀረባት ነው።

«የት ጠፋሽ? ርቦኝ ልሞት ነው» አለ እየሳቀ።

አስረሳሽ ደጃፉ ላይ ቆመች። ነጎድጓድ የለም፣ ውሻ የለም፣ ኦቨኑም ጠፍቶ ቀዝቅዟል።

«ታደሰ፣ አስቀምጠው» አለች። «እሱ ያንተ አይደለም።»

እጁ መንገድ ላይ ቆመ። ሳቁ ገና ከፊቱ አልጠፋም።

«የማን ነው ታዲያ?»

አሁን መልስ ነበራት። መዳፏን ከፍታ ክሯን አሳየችው።

«የሀስና ነው» አለች። «የትናንቱም የሀስና ነበር።»